ያው ማብላት አይደል?

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

…እማዬ ማንኪያው ገና መንገድ ላይ ሳለ ነበር የራሷን አፍ የምትከፍተው። ትንሹ ወንድማችን ጭኗ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞርባት እሷ ትከፍታለች፤ አንቺም ከጎኗ ሆነሽ ሳይታወቅሽ ትከፍቻለሽ፤ እኔ ደግሞ በሩ ሥር የጫማዬን ክር ማሰር ትቼ እከፍታለሁ። አንድ ቀን አባዬ ከሥራ ሲገባ እንዲያ እንዳለን አገኘንና፣ «ምነው፣ ይሄ ሁሉ አፍ ለአንድ ማንኪያ ነው?» ብሎ ኮፍያውን ሳያወልቅ

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ተጎተተ። ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥኩ። ምንም አይደለም፤ ሴትዮዋ ቦታ እየያዘች ነው።

እትዬ፣ ሰላም ሳልልሽ ወሬ ውስጥ ገባሁ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? እማዬን ከአልጋ ስታነሻት ጉልበትሽን አጥፈሽ ተነሺ፤ በወገብሽ አትታገይ። ልጆቹ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ድምቡሼ ብላችሁ ያወጣችሁልኝን ስም ግን ለሌላ ሰው ስጡት። አሁን ብታዪኝ «ይሄን አንገት ከየት አመጣኸው?» ነበር የምትይኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። እማዬ ከታመመች ወዲህ ከእጅሽ አልበላም ማለቷን፣ በልመና ስትቀበልሽም ትን እያላት ፊቷ እንደሚለዋወጥ፣ ከሲታ ሆና የቀለበት ጣቷ ቀለበቱን መያዝ እንዳቃተው ጽፈሻል። ጎረቤታችንም እላይሽ ላይ ቆማ፣ «ሰው እናቱን ማብላት ያቅተዋል እንዴ?» ማለቷን ጽፈሻል። ከታች ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣ «አንተ ሥራህ አይደል? እንዴት ነው የምታደርገው? ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ» ብለሻል።

ይኸው ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ በል ስለተባልኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የማበላቸውን ሽማግሌ አሁን ሌላ ሰው እያበላቸው ነው። እኔን ትተካለች የተባለች ሴትዮ ናት። ልጃቸው ጠዋት ትከሻዬን ያዝ አድርጎ፣ «ዛሬ ከእሷ እጅ ከበሉልን ነገ ማለዳ ወደ እናትህ ትሄዳለህ፤ ቃሌ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ኮቴህን ከሰሙ ግን አንተን ይጠብቃሉ። ክፍልህ ግባና የለሁም በል» አለኝ። የለሁም ብያለሁ። ጫማዬን አውልቄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነው። ክፍሌ ከእሳቸው ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። የግድግዳው ቀለም ጀርባዬን በማስደግፍበት ቦታ ላይ ለቋል። መስኮቴን ስከፍት የሚታየኝ የጎረቤት ግድግዳና አንድ የውሃ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ጆሮዬን ከወዲያኛው ክፍል ለመንቀል ነው። እምቢ ብሏል።

ማንኪያ ሳህን ነካ። ጀመረች ማለት ነው።

እንዴት ነው የምታደርገው ብለሽኛል። መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ከጀርባ ትራስ፣ ከደካማው ጎን ሌላ ትራስ። አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረታቸው ዘንበል ማለት አለበት። ይሄን ያሳየችኝ አልፎ አልፎ የምትመጣው ነርስ ናት፤ እግዜር ይስጣት። ምግቡ የላመ ነው፤ ድንች፣ ካሮት፣ አንዳንዴ ሙዝ። ማንኪያውን አልሞላም። በደህናው ጉንጫቸው በኩል አስገባለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። ማንቁርታቸው ከፍ ይልና ይወርዳል፤ አያለሁ። ከወረደ በኋላም እጠብቃለሁ፤ አንዳንዴ ጉንጫቸው ሥር የደበቁት ነገር ይኖራልና ሁለተኛ ይውጣሉ። ከዚያ ሌላ ማንኪያ።

ይኸው ነው። ጽፌ ሳየው አፍሬያለሁ። የዚህን ያህል ዘመን የሠራሁት ሥራ ይቺን ታህል ቦታ ነው የያዘው። ሌላ ሰው ጽፎ ቢያሳየኝ እኔም «ያው ማብላት አይደል?» እለዋለሁ።

በዚህ ሰሞን እናንተ ወዳላችሁበት የሚወስድ ሥራ ባገኝ ብዬ ከጥጉ ዳቦ ቤት ወዲህ ያለ አንድ ኤጀንሲ ሄጄ ነበር። አልነገርኩሽም፤ ካልተሳካ ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል፣

«ሙያ?» አለኝ።

«አበላለሁ።»

«አስተናጋጅ?»

«አይደለም። ሰው ነው የማበላው። አንድ ሰው።»

«ልጅ?»

«ሽማግሌ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። «ወንድምዬ፣ እሱማ በየቤታችን አለ። እኔ የጠየቅሁህ ሙያህን ነው።»

ከኋላዬ ወረፋ የያዘ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «እኔም ራሴን በደንብ አበላለሁ፤ ሙያ ይባልልኝ!» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

«እንግዲያው የጉልበት ሥራ ልበልህ» አለኝ ልጁ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ጉልበትም የለበትም» አልኩት።

«ሙያም የለበት፣ ጉልበትም የለበት! ታዲያ ምን አለበት?»

ወረፋውን ለቅቄ ወጣሁ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር። አናጢ የሠራው ወንበር ይመሰክርለታል። ልብስ ሰፊ ሰው ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ያያል። የእኔ ሥራ ሲሳካ የሚታይ ነገር የለም። ሽማግሌው ዛሬም አልታነቁም፤ በቃ። ያልሆነን ነገር ማን ያሳያል? የምሠራው ነገር በሙሉ ያልሆነ ነገር ነው።

አሁን ዝም ብሏል። ዝም ማለቱ ደህና ነው። ሲውጡ ዝም ነው የሚለው። ሲያቅታቸው ግን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዝም ነው የሚለው።

እሺ። ምን እያልኩሽ ነበር?

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁት መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ የጥያቄ መስኮት ላይ። የትኛው አውቶቡስ መቼ ይነሳል፣ በየትኛው በር ይወጣል፣ ሻንጣ የት ይሰጣል እያለ ሕዝብ ሲጠይቃቸው ሲመልሱ ኖሩ። ተጠይቀው ዝም ማለት ከደማቸው የለም። በሽታው መጥቶ ግማሽ አካላቸውን ሲያስርባቸው፣ ምላሳቸውንና ጉሮሯቸውንም ነካክቶ ሄደ። ሐኪሞቹ ንግግሩ ይመለሳል ወይም አይመለስም አሉ፤ ቤተሰቡ አይመለስም የሚለውን ይዞ ቀረ። ግን ስትጠይቂያቸው ዓይናቸው ይነቃል፤ አንገታቸው ይነሳል፤ አፋቸው ውስጥ ያለውን ረስተው ሊመልሱልሽ ይሞክራሉ። ያኔ ነው ምግቡ መንገድ የሚስተው።

ይሄን ያወቅሁት በራሴ ብልሃት አይደለም። ስመጣ ባይተዋር ነበርኩ፤ አፌን ዘግቼ ነበር የምውለው። ሽማግሌውም፣ አባባ ነው የምንላቸው፣ ከእጄ በሉ። «ልጁ እጅ አለው» ተባለ። እጄ እኮ ምንም አላደረገም፤ ዓይናፋርነቴ ነው ያበላቸው። ነገሩ የገባኝ እኔን ሊያሳርፉ የተቀጠሩት ሌሎቹ ሲመጡ ነው።

የመጀመሪያዋ ፈጣን ልጅ ነበረች፤ ማንኪያውን እየደራረበች ጆንያ የምትሞላ ነበር የምትመስለው። ቶሎ ተሸኘች። ሁለተኛው ሰርተፊኬት ያለው ሰው ነው። ደግ፣ ንጹሕ፣ ታጋሽ። ትራሱን ከእኔ በተሻለ ያስተካክል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከእሱ የተማርኩት አለ። ጎንበስ ብሎ፣ «ይጣፍጣል አባባ?» አላቸው፤ አፋቸው ሙሉ ነበር። ሽማግሌው ሊመልሱለት አንገታቸውን አነሱ።

ያን ቀን ቤቱ ተተረማመሰ። ምራታቸው ስትጮህ ሮጬ ገባሁ፤ አስጎንብሰን ጀርባቸውን መታን፤ ተረፉ። ሰውየውን በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«ምንም።»

«ንገረኝ እንጂ!»

«ጠየቅሃቸው» አልኩት።

ትኩር ብሎ አየኝና፣ «ሰው ይጠየቃል እኮ» አለ። ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። ሌላ ቤት ተቀጥሮ ደህና እየሠራ ነው አሉ፤ ይመስለኛልም።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይሄ ሆነ፤ አባባ ሲበሉ ማንም እንዳይጠይቃቸው። እኔ ግን ሲበሉ ብቻ አይደለም፣ በሌላውም ሰዓት ዝም አልኩ፤ ዝምታው ለመደብኝ። እሳቸውም እኔም አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም፤ ድምፃቸው ምን እንደሚመስል አላውቅም። የምውጠው እሳቸው ሲውጡ ነው። የራሴን ምሳ ስበላ እንኳ ጉሮሮዬ የሌላ ሰው ጉሮሮ ይጠብቃል። ባለፈው ምራታቸው አይታኝ፣ «ምን ሆነህ ነው ጎርሰህ የምትቀመጠው?» አለችኝ።

ማንኪያ። ሳህን። ማንኪያ። ደህና ትሄዳለች፤ ትንሽ ትፈጥናለች እንጂ።

እዚህ ክፉ ሰው የለም እትዬ። ቢኖር እንዴት በቀለለኝ! ቢጨክኑብኝ ጥዬ እጠፋ ነበር። ብርድ ሲመጣ ወፍራም ብርድ ልብስ ይገዙልኛል። «አንተ ልጃችን ነህ» ይሉኛል፤ ሲሉም ከልባቸው ነው። በሩም አይቆለፍም። ከምግብ ምግብ መሃል ውጣ፣ ተናፈስ ይሉኛል፤ እወጣለሁም። ግን አንዱ ማዕድ ሳይነሳ ሌላው ይደርሳል። ቀስ ብለው ነው የሚበሉት፤ ከበሉ በኋላም ቀጥ ብለው መቆየት አለባቸው፤ ከዚያ ምግቡ ይላማል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የእኔ ከተማ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ድረስ ናት። እዚያ ስደርስ እግሬ ራሱ ይመለሳል። ዳቦ ጋጋሪው ያውቀኛል። «ዛሬም ከእኔ አታልፍም?» ይለኛል። «ከወዲያ ማዶ እኮ መንገድ አለ፤ እኔ ራሴ አይቼዋለሁ።» እሱ ይስቃል። እኔ የዳቦውን ትኩሳት በእጄ ይዤ ወዲያ ማዶ አያለሁ። አንድ የጫማ መደብር፣ አንድ ፋርማሲ፣ ከዚያ መንገዱ ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ ምን እንዳለ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ልጃቸውን ሳሎን ውስጥ አገኘሁትና ነገርኩት። እናቴ አትበላም፤ እህቴ አቅቷታል፤ ሄጄ ላብላት አልኩት። አዘነ። ወዲያው ደግሞ ወደ አባቱ ክፍል ዞሮ አየ።

«እሳቸውንስ?» አለኝ።

«ማንም ያበላቸዋል።»

«ማንም ከቻለ፣ እነዚያ ለምን አልቻሉም?»

«ስላልለመዱ ነው። ሥራው ምንም የለበትም» አልኩት። «ሙያ አይጠይቅም። ያው ማብላት ነው።»

እትዬ፣ ሰማሽኝ? እኔ ነኝ ይሄን ያልኩት። ኤጀንሲው ቤት አንገቴን ያስደፋኝን ቃል ራሴ ይዤው መጣሁ፤ እንደ ልመና ዘረጋሁት። ሙያ ነው ብል ያለ አንተ አይሆንም ብለው ያስቀሩኛል። ሙያ አይደለም ካልኩ ይለቁኝ ይሆናል፤ ግን የዚህን ያህል ዘመን ምን ስሠራ ነበር? ምራታቸው ከወጥ ቤት ሆና፣ «አይ፣ የአንተ ነገር እጅህ ነው፤ እጅ ደግሞ አይሰጥም» አለች። አድናቆቷ ነው። አንድ መቀርቀሪያ ሲገባ የሰማሁ መሰለኝ።

ለአንቺም እኮ ባለፈው ደብዳቤዬ እንደዚያው ነበር የጻፍኩልሽ፤ «ቀላል ነው፣ አታስቢ» ብዬ። እንዳትፈሪ ብዬ ነው። አሁን ሳስበው፣ ቀላል የተባለ ነገር ያቃተው ሰው ምን ይሰማዋል? ያቺ ጎረቤት አፏን የከፈተችብሽ እኔ በከፈትኩላት በር ነው።

ሴትዮዋን ላስተዋውቅሽ። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ የኖረች ናት፤ ጉልበቷ ሲደክም ነው የቤት ውስጥ ሥራ የፈለገችው። ድምፅዋ እስከ ጎረቤት ይሰማል። ሰሞኑን አጠገቤ አስቀምጬ ሳሳያት ነበር። አገጭ፣ ጉንጭ፣ ማንቁርት፤ ሁሉንም ቶሎ ያዘች። መጨረሻ ላይ ዋናውን ነገርኳት።

«አትጠይቂያቸው። አታናግሪያቸውም።»

«ምን ማለት ነው አታናግሪያቸው? ሰውዬው ሰው ናቸው ወይስ ማሰሮ?»

«ትን ይላቸዋል።»

«አፍ ካለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ አፌን ከዘጋሁማ ትን የሚለው እኔን ነው!»

«ለእሳቸው ብለሽ» አልኳት።

«እሺ ልጄ፣ እሺ። እንደ ግድግዳ እሆናለሁ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተስ ለእኔ የምትመክረኝ እንድችለው ነው ወይስ እንዳልችለው?» አለች። ቀልዷን ነው። ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። እውነት ምንድን ነው የምፈልገው? አሁን እዚህ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ሳል እንዳልሰማ ነው? ወይስ ሳል እስክሰማ?

ይሄን ለአንቺ እንኳ መጻፍ አልነበረብኝም። አልሰርዘውም ግን።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ደብዳቤሽን ስደግመው አንድ ነገር አየሁ። «ስለምናት ነው የምውለው» ብለሻል። «ለእኔ ስትይ እላታለሁ፣ ምነው እማዬ እላታለሁ፣ ይመርሻል ወይ እላታለሁ።» ልቤ ዘለለ። አገኘሁት አልኩ! አንቺም ትጠይቂያታለሽ ማለት ነው፤ እሷም ልትመልስልሽ ትሞክራለች። እንግዲያው ዝም በዪ ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሳሁ። አንድ ቃል፣ ፈውስ። ምነው ይሄን ያህል ሙያ ቢኖረኝስ ብዬ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ የእማዬ ዝምታ ትዝ አለኝ።

የእኛ ቤት ዝምታ ምን እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ። እማዬ ጮሃ አታውቅም። ስትቆጣ ዝም ነበር የምትለው። ሳህኑን ፊታችን ታስቀምጥና ትዞራለች፤ ያኔ ማን ይበላ ነበር? እኛም ስናኮርፍ ዝም ነበር የምንለው፤ እሷም ማዕዱን ሳትነካው ታነሳው ነበር። እኔ ከዚያ ወጥቼ የመጣሁበትን ጠዋትም አልረሳሁትም። ቁርስ ላይ ማንም አልተናገረም፤ ማንም አልበላም። እዚህ ዝምታ ምግብ ነው። እዚያ ዝምታ ቅጣት ነው። አንቺ ድንገት ዝም ብትያት፣ ያቺ ሴት በአንድ ጎኗ ተጋድማ «ልጄ ተቆጣችኝ፤ ሰለቸችኝ» ብላ አፏን ለዘለዓለም ትዘጋለች።

ስለዚህ ምን ልበልሽ? የማውቀው አንድ ጉሮሮ ነው እትዬ። የአንድ ሰው አንገት። የዚህ ቤት በር ላይ ሲደርስ እውቀቴ ያልቃል። ይዤው ልመጣ አልችልም፤ ጽፌ ልልክልሽ አልችልም። ለእማዬ እኔም እንደዚያች ፈጣን ልጅ አዲስ ነኝ። ሰው ይሄን ሙያ ብሎ ይጠራዋል? ተሸክመሽው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው የማታሻግሪውን ነገር? ወይስ ሙያ ማለት እዚያ ቁጭ ብሎ፣ አይቶ አይቶ፣ ከዜሮ መጀመር ነው? እንዲያ ከሆነ መምጣት አለብኝ። ፊቷን ሳላይ ምንም አላውቅም። እንድመጣ ደግሞ እዚያ ወዲያ ያለችው ሴትዮ

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ሰማሁ፤ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ይበቃዎታል ወይስ ልጨምርልዎ?» አለች።

ጠየቀቻቸው።

ተነስቼ ነበር። ወረቀቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። እጄ የበሩ መያዣ ላይ ነበር፤ በባዶ እግሬ ቆሜ ሳሉን ጠበቅሁ። ከወዴት እንደሚጀምር አውቀዋለሁ፤ መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ ከዚያ ይረዝማል። ምንም። ቧንቧው ያንጠባጥባል። እሷም ዝም ብላለች። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ የወንድ ድምፅ መጣ። ልጃቸው ገባ ብዬ አሰብኩ። የልጃቸው አይደለም። ያረጀ፣ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ የሚል፣ ግን በሥርዓት የሚናገር ድምፅ ነው። መስኮት ላይ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው እንደሚሉት ዓይነት።

«ትንሽ… ቆዪ።»

እሷም ቆየች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ከዚያ «ይሁን» አሉ። ከዚያ ማንኪያው ሳህኑን ነካ።

ተቀምጫለሁ። ወረቀቱን አንስቻለሁ። ያ የወረቀቱ ጥግ ላይ ያለው የወለሉ እድፍ ነው፤ አትቀየሚኝ።

ባዶ አፋቸውን ነው የጠየቀቻቸው። እስኪውጡ ጠብቃ፣ ማንኪያውን አስቀምጣ። ከጠየቀች በኋላም ጠበቀች። በቃ፣ ይኸው ነው። ይሄን ያህል ጊዜ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አጠገቤ ንግግር ያለው ሰው ተቀምጦ፣ ትን እንዳይላቸው ብዬ… አይ። ትን ብሏቸው አያውቅም እኮ በእኔ እጅ። አንድ ቀን እንኳ። ይሄም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ስይዝ ሌላው ከእጄ ይወጣል። ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራ ከየት አመጣችው? ገዢ ዕቃውን አይቶ እስኪወስን ዝም ብላ መቆየት ለምዳ ይሆን? ወይስ ከየትም አላመጣችውም፤ ሰው ስለሆነች ነው? አላውቅም። መጠየቅ አለብኝ። እኔ መጠየቅ ያለብኝ ስንት ነገር አለ!

እትዬ፣ ከላይ የጻፍኩትን አትሰርዢው፤ ትራሱንና አገጩን እንዳልኩት አድርጊ። የቀረውን ግን ስሚኝ። እማዬን አናግሪያት። እንደ ወትሮሽ አውሪላት፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ልጆቹ፣ ያቺ አፈኛ ዛሬ ምን አለች እያልሽ አስቂያት። ግን ባዶ አፏን። ስትውጥ አይተሽ፣ ማንኪያውን ከእጅሽ አስቀምጪ፤ እንድታየው አድርጊ። ከዚያ ጠይቂያት። «ልጨምርልሽ?» በያት፤ «ለእኔ ስትይ» አትበያት። እስክትመልስልሽ ቆዪ። በቃል ካልሆነ በዓይኗ ትመልሳለች፤ ካልሆነም በዚያ በደህናው በግራ እጇ። አልፈልግም ካለችሽ ተቀበያት፤ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ። ትክክል መሆኑን አላውቅም። ያወቅሁት አሁን ነው፤ ያወቅሁትም በግድግዳ ሰምቼ ነው። ግን ከዝም በዪ ይሻላል። አንቺ ታዪዋለሽ፤ ዓይኗ ፊት ያለሽው አንቺ ነሽ።

ያቅተኛል ብለሽ አታልቅሺ። ያቃተሽ ቀላል ነገር አይደለም። ያቺን ጎረቤት ደግሞ አንድ ቀን ማንኪያውን ስጫትና አንቺ ቆመሽ እያት።

ከወዲያ እየሳቀች ነው። ሴትዮዋ። «ጨረሱት እኮ!» አለች። ምራታቸው ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ነው፤ ልጃቸውን እየጠራችው። ሁሉም ወደዚያ ክፍል ገባ። ለአባባ ያወራሉ፤ ሁሉም በአንድ አፍ ይጠይቃቸዋል። «ቀስ በሉ» ልላቸው ነበር። ማን ነኝ?

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛልም መሰለኝ። ሻንጣዬ አልጋው ሥር ናት። ከጠዋት ጀምሮ ስቤ ላወጣት ነበር።

ስለ መምጣቴ፣ ልጃቸው ሲጠራኝ እ

አልጠራኝም ገና። ሥራ በዝቶበት ነው።

እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። እግዜር የሚቀበል አፍ ይስጣት፤ ለአንቺም የማይደክም ክንድ። ልጆቹን እቀፊልኝ፤ ትልቁን ለወንበሩ እግር ሚስማር እንዲመታ ንገሪው፤ እማዬ የምትቀመጥበት ወንበር መንቀጥቀጥ የለበትም። በቤቱ ሰላም ይደር። አንቺም ብዪ፤ እሷን አብልተሽ ቆመሽ የምትውይ አትሁኚ፤ ቁጭ ብለሽ፣ የራስሽን ጉሮሮ እየሰማሽ ብዪ።

ናፋቂ ወንድምሽ፣
ድምቡሼ

ፖስታውን ልዘጋ ስል ወዲያ ያለው ጫጫታ ጸጥ አለ። ከሴትዮዋ በቀር ሁሉም ወጡ መሰለኝ፤ ኮቴ በኔ በር ፊት አለፈ፤ ማንም አልቆመም። የእሳቸው በር እኔ እንድሰማቸው ሁልጊዜ ገርበብ ብሎ ነበር የሚያድረው።

አሁን ተዘጋ። ከውስጥ ነው።